ለኋላ የታጠፈ ጨርቅ

መምህር የሺዋስ ጡረታ የወጣው በዳባት ገብስ በሚታጨድበት ወቅት ነው። ስልሳ ሞላው። ሚስቱ ሐመልማል ግን ገና አርባ ሁለት ናት፤ ገበያው ዳር ሱቅ ከፍታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው አይደል፣ የዕድሜያቸውን ልዩነት ሲደምርና ሲቀንስ ኖሯል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እሱ ቀድሞ ይሞታል፣ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ተከለላት። የኪራይ ክፍሎች ሠራላት። ጣሪያ ቢያፈስ የሚጠግነውን ሰው እንኳ አስተዋወቃት። ለራሱ እርጅና ያሰበው አንድም ነገር አልነበረም።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ «እንግዲህ ከሥራው አርፈሃል፤ ከሚስትህ ጋር ቁረቡ» አሉት። በአገሩ ልማድ አብረው ከቆረቡ ባልና ሚስት አንዱ ቢሞት፣ ሌላው ዳግም አያገባም። የሺዋስ መቁረቡን ከልቡ ይመኛል። ግን ይህችን ጎልማሳ ሴት ከመቃብሩ ጋር እንዴት ይሰር? ምክንያቱን ነግሮ «ትንሽ ልቆይ» አላቸው። ለሷ ግን ምንም ሳይነግራት ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። ደግ የሠራ መስሎት ነው እኮ።

ሐመልማል በማርያም ዕለት ነገሩን ከቄሱ ሰማች። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ዛፉ ለኔ፣ ቤቱ ለኔ። አንቱስ የማን ነዎት?»

«ነገ እኔ ስሞት...»

«ታዲያ ባልም ይፈልጉልኝ እንጂ፤ ጣሪያ ጠጋኙን እንዳመጡልኝ።»

የሺዋስ አፈረ። «ብቻሽን እንዳትቀሪ ፈርቼ ነው» አላት በመጨረሻ።

«ብቻዬን ያስቀሩኝማ ዛሬ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የሞትን ቀን እግዜር ያውቃል። እስከዚያው ሱቅ ይምጡና ለዩኒፎርሙ ቁልፍ ይትከሉልኝ።»

ሄደ። ጠመኔ የለመደ ጣት መርፌ ሲይዝ ገበያተኛው ሁሉ ሳቀበት፤ እየዋለ እያደረ ግን የሱ ቁልፍ የማይላቀቅ ሆነ። ማታ አብረው ሱቁን ዘግተው ሲመለሱ ልቡ ደስ ይለዋል።

አብረው ሊቆርቡ ቀን ሲቆርጡ፣ ነጭ እጀ ጠባብ ሰፋችለት። ሲለካው ጎኑ ላይ ወፍራም ነገር ዳሰሰ። ገልብጦ አየ፤ ለሚያድግ ተማሪ እንደምታደርገው፣ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፍታለች።

«በስልሳ ዓመቴ ወዴት ላድግ ነው?» አላት።

ሐመልማል ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ጡረታ ያወፍራል። በየጊዜው እለቅልዎታለሁ፤ ትርፉ ለብዙ ዓመት ይበቃል።»