የግርማን ዓይን ለማየት ድሬዳዋ የሄድኩበት

ከኤረር፣ ማለዳ

ድሬዳዋ የሄድኩት ልጄን ግርማን ይዤው ልመለስ ነው። ግርማ እዚያ ሐኪም ቤት ጥርስ መንቀል ይማራል። በሽተኛ የተወጋበትን መርፌ ሲያጥብ ጣቱን ተወጋ፤ በሽተኛው ደግሞ የወፍ በሽታ ያለበት ኖሯል። ወሬው የደረሰን ቆይቶ ነው፣ በአንድ የባቡር ሠራተኛ። የወፍ በሽታ ዓይን ቢጫ አድርጎ ሰው ሲገድል አይቻለሁ። ስለዚህ ብርቱካን ለቀማውን ትቼ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ።

ባቡር ላይ

ከመስኮቱ ውጭ ግራርና ድንጋይ፣ ድንጋይና ፍየል ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሶማሌ ወተት ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የግመል ወተት ቀድታ ሰጠችኝ፣ ሳንቲም አልቀበልም አለች። መልካ ጀብዱን ስናልፍ ግማሹን መለስኩላት። ወተቱ ከፍቶ አይደለም፣ ከፍርሃቱ ነው።

ድሬዳዋ

ባለጋሪው ሃምሳ ሳንቲም አለኝ፤ ስሙኒ አልኩት። «አቦ አባባ፣ ለእኔ ባታዝን ለፈረሱ እዘን» አለኝ። የድሬ ሰው ሽማግሌ ሕፃን አይልም፣ ሁሉንም አንተ ነው የሚል። በስሙኒው ሄድን። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር።

ግርማ ነጭ ልብሱን ለብሶ አብረውት ከሚማሩ ጓደኞቹ ጋር ሐኪም ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሰላም ሳልለው እጁን ይዤ ወደ ፀሐይ አወጣሁት። የተወጋ ዕለት ለሐኪሙ ተናግሮ፣ ሲያዩት ቆይተው፣ ትናንት በሽታው የሚወጣበት ጊዜ አልፏል፣ ደህና ነህ እንዳሉት ነገረኝ። ራሴ ካላየሁ አላምንም አልኩ። የዓይኑን ቆብ ገልብጬ አየሁ። ነጭ ነው። ምላሱንም አስወጣሁት። አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጓደኞቹ ሳቁ። ለካ ለሐኪሙ በመናገሩ ሲያፌዙበት ነው የከረሙት። ከእነሱ መሃል የተወጋ ሰው ጣቱን ታጥቦ ዝም ይላል፣ እጀ ሰባራ እንዳይባል። መወጋት ምን ያመጣል ብላቸው ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ወጡልኝ።

ከሁሉ በላይ ያሾፈው ጀማል የሚባለው ነው። ሳቁ ሲበርድ ቀረብ ብሎ፣

«አባባ፣ የእኔንም ዓይን እይልኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?»

«እኔም ተወግቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ዓይኑን ገልብጬ አየሁ፤ እሱም ነጭ ነው። ሐኪሙ እዚያው በር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ይህ ልጅ ብርቱካን ለቃሚን እየኝ ብሎ ይለምናል!

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተነስ» አልኩት።

«ያባርሩኛል።»

«ግርማን አባረሩት?»

ክንዱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ አስገባሁት። ሐኪሙ አልተቆጣም። መርምሮት፣ ለጊዜው ምንም ምልክት የለም፣ እየተመላለስክ ታይ አለው። ጀማል ሲወጣ ላቡን ጠርጎ «ቀለለኝ» አለ።

ኤረር፣ ማታ

ግርማን እንሂድ ስለው አልሄድም አለ፤ እልሁ የእኔው ነው። ብቻዬን ስወርድ እናቱ ጣቢያው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የታለ ልጄ?»

«ደህና ነው። ዓይኑን በፀሐይ አይቼ ነው የተውኩት።»

የጀማልንም አጫወትኳት። እነዚያ ልጆች ዕውቀት አልጎደላቸውም፣ እፍረት ነው የያዛቸው፤ ግርማን ያዳነው ማፈሩን መቻሉ ነው አልኳት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበችው።

«የዚያኛው ልጅ እናትስ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«እንግዲያ ሳትሰማ ይዳንላት» አለች።