በእህቴ አፍ የገባው ስልክ

በረሃቡ ዘመን ከጎንደር ወደ ሱዳን ስንሰደድ እህቴ መንገድ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ከዚያ ወዲህ አፏን በነጠላዋ ሳትሸፍን አትስቅም ነበር። ምትክ እንዳይገባላት ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች፣ ልክ እንደ ስደተኞች መጠለያው ጎረቤቶቻችን፣ ተጋፍተው ባዶውን ቦታ ይዘውታል።

የሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ የጥርስ ሐኪም ከስደተኛ በለቃቀመው አማርኛ፣ «መጀመሪያ አፏ ውስጥ ስልክ እናስራለን» አለ። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። እናቴ ግን ዓይኗ በራ።

«ዕድሜ ይስጥህ፣ ሐኪሜ! ጎንደር የቀሩት ዘመዶቻችን ይሰሙናል?»

ሐኪሙ በሳቅ ወንበሩን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ ግን ሽቦውን በየጊዜው እያጠበቀ፣ ሳይቸኩል ጥርሶቹን ገፋቸው። ያን ሰው ቢተዉት ኖሮ የጓንግን ወንዝ በሽቦ ጎትቶ በገዳሪፍ ገበያ መሃል ያሳልፈው ነበር። ከወራት በኋላ ቦታው ተከፈተ፤ አዲሱንም ጥርስ እዚያው የበቀለ አስመስሎ ተከለው።

እናቴ ወደ እህቴ አፍ ጠጋ ብላ፣ «ሃሎ፣ ጎንደር!» ብላ ጮኸች። እህቴ ሳቀች፤ ነጠላዋም ትከሻዋ ላይ እንዳለ ቀረ።