አርባ ኒውተን

በሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ተማሪውም፣ ወላጁም፣ ስትናደድ ሚስቱም ጭምር «ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ» ነበር የሚሉት።

ቅጽል ስሙን ያወጣችለት አንዲት ጥያቄ ናት። እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ግራም የሚመዝኑ ሁለት የብረት ኳሶች አሉ። አንዱ ቆሟል፤ ሌላው በሰከንድ ሁለት ሜትር እየበረረ መጥቶ ፊት ለፊት ይላተመዋል። «ሞመንተም አይጠፋም! ኢነርጂም አይጠፋም!» ይላል መምህሩ፣ ቾኩ እየተሰበረ። ከሁለቱ ሕጎች ተነስቶ ሲያሰላ፣ መጪው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቆሞ የነበረው በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። «ኃይሉስ? ሞመንተሙ ዜሮ ነጥብ አራት ተለወጠ፤ ለተነካኩበት ጊዜ አካፍሉ። አርባ ኒውተን!» ይህን ሲል መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የጥበቃው ውሻ ሳይቀር መልሱን ያውቀዋል ይባል ነበር።

የተነካኩበት ጊዜ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ ሰከንድ መሆኑን ከገዛ አስተማሪው ደብተር ነው የገለበጠው። ፈተና ላይ አይጽፈውም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ ፈተና ላይ የሚጽፍ አለ እንዴ?

ዘንድሮ የልብስ ሰፊዋ ልጅ እዚያ ጥያቄ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «የተነካኩበት ጊዜ አልተሰጠም። ፍጥነታቸው ይሰላል፤ ኃይሉ ግን አይሰላም።» መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ አኖረላትና «ተኝተሽ ነበር?» ሲል ጨመረበት። ጥያቄው አራት ማርክ ነው። ልጅቷ አርባ ዘጠኝ አመጣች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። እናቷ ደግሞ «ከወደቅሽ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጫለሽ» ካለች ቆይታለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመምህሩ ጎረቤት፣ ራዲዮ ጠጋኙ፣ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ገዛ፤ ኤሌክትሪክን በስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ።

«ይሄ ማሽን ትንኝ ስንቴ እንዳስነጠሰች ይቆጥራል!»

«እስቲ የኔን ኳሶች ቁጠርልኝ» አለ መምህሩ፣ ሊያሳፍረው።

ኳሶቹን በሽቦ አገናኝተው አላተሟቸው። ሲነካኩ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ብድግ ይላል፤ ሲለያዩ ይወርዳል። አንዴ፣ አሥር ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ሞከሩት። መስመሩ ብድግ ብሎ የሚቆየው ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ አንድ ሰከንድ ነው። መምህሩ አካፈለ፤ አራት ሺህ ኒውተን ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ የበሬ ክብደት ደብቀህ ኖሯል!» ብሎ ጠጋኙ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን ወንበሩ ላይ እንደ እርጥብ ጆንያ ተቀመጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ትክክለኛውን መልስ የጻፈ አንድ ተማሪ ቢኖር፣ እሱ የጣላት ልጅ ናት።

የውጤት መዝገቡ ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ጠዋት መምህሩ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ።

«አራት ማርክ ይጨመርላት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዘንድሮ አርባ ብለው ያለፉት ስንት ናቸው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«እነሱን ልጣላቸው?»

«የለም፣ እነሱ የተማሩትን ነው የጻፉት። እሷን ብቻ አሳልፋት።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ቲቸር፣ እኔ ራሴ እርስዎ ጋ አርባ ኒውተን ብዬ ነው ያለፍኩት። ወንበሩን ልልቀቅ? ደግሞስ ጡረታዎ ሊወጣ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ነበር የሚል ደብዳቤ ማኅደርዎ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ደብዳቤውን ጽፌ አምጥቻለሁ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዳይሬክተሩ በሁለት ጣት መልሶ ገፋ አደረገለት። ዓርብ መዝገቡ ተዘጋ።

ቅዳሜ የፈተናውን ወረቀት ይዞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደ። እናትየው ደንበኛ እየለካች ነበር። ልጅቷ በር ሥር፣ መኪናው ላይ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነው።

«ትክክል ነበርሽ» አላት። ስለ ሽቦው፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ አራት ሺሁ አንድ ሳያስቀር ነገራት።

ልጅቷ መኪናውን አቆመች። «ታዲያ አለፍኩ?»

«መዝገቡ ትናንት ተዘጋ።»

ወረቀቱን አልተቀበለችውም። እሱም ዘርግቶ እንደያዘው ቆመ። እናትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ «ልጄ፣ ያ ኮሌታ ለሰኞ ይፈለጋል» አለች፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

ልጅቷ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከለች።

«ቲቸር፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ብርሃን ከለሉብኝ።»