በሊማሊሞ ዳገት የቀረችው

በቅሎዎቼን ለእንግዶች እያከራየሁ ልጆቼን በማሳድግበት ዘመን፣ አንድ በጡረታ የወጡ የኤምባሲ ሰው ደባርቅ መጡ። ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ በሚባለው ማደሪያ፣ ጓዛቸውን ሳወርድ አስጎብኚው ልጅ «ገጣሚም ናቸው» አለኝ። ድሩዝ ናቸው። ድሩዞች በእስራኤል፣ በሶርያና በሊባኖስ ተራሮች የሚኖሩ፣ ዐረብኛ የሚናገሩ ሕዝቦች መሆናቸውን ያን ዕለት ሰማሁ። እኚህ ሰው ግን እስራኤልን ወክለው ሲሠሩ ኖረዋል፤ ግጥማቸውንም የሚጽፉት በዕብራይስጥ ነው።

በሌላ ቋንቋ የመግጠም ነገር እኔም ቤት ነበረ። እኛ ከአዲ አርቃይ ቆላ የወጣን፣ በቤታችን ትግርኛ የምንነጋገር ሰዎች ነን። ትልቋ ልጄ ስለ እናቴ በአማርኛ ግጥም ጽፋ፣ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን እንድታነብ ተመርጣ ነበር። እኔ ከለከልኳት። እናቴ የገበያውን አማርኛ እንጂ የግጥሙን አትሰማም። ሰውን አስቀምጦ በማያውቀው ቋንቋ ስለ እሱ ማውራት ነውር ነው፤ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ።

«እናትዎ ግጥምዎን ይሰሙታል ወይ በላቸው» አልኩት አስጎብኚውን።

«ኧረ ጋሼ! ጉርሻችንን ሊያስቀሩብን ነው?»

«ጠይቃቸው።»

ልጁ የእንግዳውን መልስ ተረጎመልኝ። ዕብራይስጥ የተማሩበትና የሚያስቡበት ቋንቋ ነው፤ አያፍሩበትም። እናታቸው ግን አንዱንም ሳይሰሙ ሞተዋል። «ቁጭ ብዬ በራሷ ቋንቋ ልነግራት እችል ነበር» አሉ። «ነገ ነገ ስል ቀረ።»

ቤት እንደተመለስኩ ልጄን ጠራኋት። «ታነቢዋለሽ። አስቀድመሽ ግን ለአያትሽ በትግርኛ ንገሪያት።»

«አባዬ፣ በትግርኛ ቤት አይመታም እኮ!»

«ባይመታስ? የጻፍሽው ለእሷ ነው ወይስ ለጭብጨባ?»

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። ግጥሙ ድርቅ የገባ ጊዜ እኔን በእጇ ይዛ ሊማሊሞን በእግሯ እንደወጣች ይናገራል። ልጄ ስትጨርስ እናቴ እንዲህ አለቻት።

«ደህና ነው። ሕፃኗንስ የት ጣልሻት?»

«የቷን ሕፃን?»

«ጀርባዬ ላይ የነበረችውን።»

ልጄ ዞራ እኔን አየችኝ። ታናሽ እህቴ ዳገቱ መካከል ሞታ እዚያው መንገድ ዳር ተቀብራለች። እኔ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ ስታነሳት ሰምቼ አላውቅም። ሐዘኑ የእሷ ነው፣ እኔ የማወራው አይደለም ብዬ ነበር።

በወላጆች ቀን ልጄ ግጥሟን በአማርኛ አነበበች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አንድ መስመር በትግርኛ ጨመረች፦ እናት ከጀርባዋ አውርዳ ሕፃኗን እዚህ አስተኛቻት የሚል። መምህራኑ ግራ ተጋብተው ተያዩ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ድምፅ አውጥታ ለልጇ አለቀሰች።

ዝም በይ አላልኳትም።