የማሽኗ ሞግዚት

የማሠልጠኛ ተቋሙ ልጆች ቅጽል ስም ሲያወጡ አይስቱም። የኅትመት ክፍሉን ኃላፊ «ሞግዚቱ» ያሏቸው ማሽኗ በመጣች በወሩ ነው። ሰውየው ጧት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እሷ ነበር። የላስቲክ ልብሷን ገለጥ አድርገው ያዩዋታል፣ አቧራ ኖረም አልኖረም በጨርቅ ጠረግ ጠረግ ያደርጓታል፣ መልሰው ይሸፍኗታል፣ በሩን ይቆልፋሉ። ለሰው እንዴት አደራችሁ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስም አልተቀየሙም። እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ማሽኗ ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ንድፍ በቀጥታ ወረቀትና ሸራ ላይ የምታትም፣ ርዝመቷ ከአንድ አልጋ የሚበልጥ፣ ለተቋሙ በእርዳታ የተሰጠች ናት። በከተማው እንዲህ ያለ ዕቃ ያላቸው ማተሚያ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አዲሱ የዲጂታል ዲዛይንና ኅትመት ሥልጠና የተከፈተውም እሷን ተማምኖ ነው።

ሞግዚቱ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባቸው። ዕድሜያቸውን የገፉት በድሮው የብረት ማተሚያ ላይ ነበር፤ የት ቦታ እንዳመመው በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር። አንድ ጧት አንድ ዝርክርክ ሠልጣኝ መፍቻውን ማሽኑ ውስጥ ረስቶ አስነሣውና ጥርሱን ሁሉ አረገፈው። መለዋወጫ ተለምኖ ተለምኖ ሲጠፋ ግቢው ጥግ ተጥሎ ዝናብ በላው። ሞግዚቱ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሁለተኛ በእጄ ያለ ማሽን ልጅ አያበላሸውም ብለው የማሉት ያኔ ነው።

አዲሷን የገጠመው ባለሙያ ሊሄድ ሲል፣ መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ «ጋሼ፣ አደራ፣ ሥራ አያስፈቷት። በየሳምንቱ ትንሽም ቢሆን ያሠሯት። ዝም ካለች ቀለሙ ይደርቅባታል» ብሏቸው ነበር። አንገታቸውን ነቀነቁ። በልባቸው ግን «ቀለም ሻጭ ሌላ ምን ይላል?» አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ማሽን የሚያረጀው ሲሠራ ነው እንጂ ሲያርፍ አይደለም። ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

ከሠልጣኞቹ አንዷ የእህታቸው ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ የሚኖሩት እሳቸው ግቢ ነው። «ይቺን ልጅ ለእኔ ተይልኝ፣ ባለሙያ አደርጋታለሁ» ብለው ለእህታቸው ቃል የገቡትም ራሳቸው ናቸው። ልጅቱ አላሳፈረቻቸውም። ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ እጇ አያመነታም። ለሳሙና መጠቅለያ ያወጣችውን ንድፍ ለማየት ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ከቧት ነበር። ሞግዚቱም ከኋላዋ ቆመው፣ «እዚህ ስክሪኑ ላይ እንዲህ ደመቀ ብለሽ እንዳትታለይ። ወረቀት ላይ ቀዩ ይጠቁራል፣ አረንጓዴው ይደክማል» አሏት።

«ታዲያ አንድ ወረቀት ብቻ አትመን እንየው፣ ጋሼ።»

«ለፈተናው እንቆጥባት። ያኔ እስክትጠግቢ ታትሚያለሽ።»

በሚቀጥለውም ሳምንት ጠየቀቻቸው፣ ከዚያም በኋላ ጠየቀቻቸው። መልሱ ያው ነው። ሠልጣኞቹ ማሽኗን የሚያውቋት ሞግዚቱ ግድግዳ ላይ በለጠፉት ሥዕል ብቻ ነው። ወረቀቱ በየት እንደሚገባ፣ ቀለሙ በየት እንደሚሞላ በእንጨት እየጠቆሙ ያስረዷቸዋል፤ ሲያስረዱ ደግሞ ለጉድ ነው። ልጆቹ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይሳሳቃሉ። ሞግዚቱ ይሰማሉ፣ ይስቃሉ፣ በሩን ይቆልፋሉ።

ሥልጠናው ሲያልቅ አንዲት የማተሚያ ቤት ባለቤት ለፈተናው ተጋበዘች። እንዲህ ያለ ማሽን ልታስገባ ነው፤ የሚያሠራላት አንድ ሰው ትፈልጋለች። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። ያን ዕለት ጧት እናቷ የልጅቱን ሸሚዝ ተኩሳ አለበሰቻት፣ አጎትየውም ከረባት አሰሩ።

ሽፋኑ ተነሣ። ማሽኗ እንደ አዲስ ታብረቀርቃለች፣ ጭረት የላትም። ልጅቱ ንድፏን ላከች። ማሽኗ አጉረመረመች፣ ወዲያ ወዲህ አለች፣ ወረቀቱን ገፋችው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ጥቂት የተቆራረጠ ጭረት ብቻ ነው። ሰማያዊው ከነጭራሹ የለም። እንደገና ላከች፤ በሁለተኛው ጭረቱም ቀረ።

ሴትየዋ ወረቀቱን አንሥታ አየችውና፣ «ምን ሆና ነው ትያለሽ?» አለቻት።

«አላውቅም።»

«እንዲህ ስትሆን መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጅቱ ዞራ አጎቷን አየቻቸው። እሳቸውም አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ያን ሰዓት ትዝ ያላቸው ማሽኗን የገጠመው ባለሙያ ምክር ነው። ከመርፌ ጫፍ የቀጠኑት የቀለም ቀዳዳዎች እሳቸው ሲሳሱላት በከረሙባቸው ወራት ደርቀው ተደፍነዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። «ንድፍሽ ቆንጆ ነው» አለቻት ልጅቱን፣ «እኔ የምፈልገው ግን ማሽን ነክቶ የሚያውቅ ሰው ነው»። ከሌላ ቦታ ሰው ቀጠረች።

ማሽኗ በኋላ ተጠገነች። ያው ባለሙያ መጥቶ የተደፈነውን ክፍል ቀየረው፤ አንዲት የወቀሳ ቃል አለመናገሩ ከስድብ ከበዳቸው። ሞግዚቱ ሽፋኑን በገዛ እጃቸው ቀድደው ጣሉት። አሁን አዲሶቹ ሠልጣኞች እንደ ልባቸው ያትሙባታል፣ ወረቀት ያባክናሉ፣ በቀለም እጃቸው ይዳብሷታል። እሳቸው ዳር ቆመው ያያሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ ይላሉ ለራሳቸው፣ እውነታቸውን ነው።

የእህታቸው ልጅ ጫማ ሱቅ ተቀጥራለች። አንድ ከሰዓት ሄዱባት። በርጩማ አቀረበችላቸው።

«ማሽኗ ድናለች» አሏት። «ቁልፍ ብሎ ነገር ቀርቷል። ነይና ተለማመጂ፣ ማተሚያ ቤት አናጣም።»

«ሱቁን ለማን ጥዬ ጋሼ? ከጧት እስከ ማታ እዚሁ ነኝ።»

«ተቀይመሽኛል አይደል?»

«ኧረ አልተቀየምኩም።» በእጇ የነበረውን ጫማ ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመችው። «አንድ ነገር ልንገርዎት? ቁልፉ ኮትዎ ኪስ ውስጥ እንደሚውል አውቅ ነበር። የተቋሙ ዘበኛም የእርስዎ ልጅ ናት ብሎ አይከለክለኝም። ስንት ጊዜ ልሰርቀው አስቤያለሁ መሰልዎት። አንድ ወረቀት አትሜ፣ አይቼ፣ መልሼ ልሸፍናት።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«አይሆንም ብለውኝ የለ እንዴ?»

አንዲት እናት ለልጇ ጫማ ልታስለካ ገባችና የእህታቸው ልጅ ልታስተናግዳት ተነሥታ ሄደች። ሞግዚቱ «ምነው ሰርቀሽኝ በነበር» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ እንደቀረ ተቀምጠው አዩዋት። ገና ከሕፃንነቷ፣ ትልቅ ሰው አይሆንም ካለሽ አይሆንም ነው እያሉ ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ።