መሬትን ሁለቴ የምትነካው አሙዳ

አሙዳ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ፣ እግሯ ወለሉን ሳይረግጥ፣ ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ጫፍ መሬቱን ትነካና ጣቶቿን ወደ ዓይኖቿ ትወስዳለች። ከዚያ ደግማ ትነካለች። ህንድ ውስጥ ባለችው የትውልድ ከተማዋ በኩምባኮናም ዳንስ የተማረ ሰው ሁሉ መሬትን አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ ቀኑን ሙሉ በተረከዙ ሊደበድባት ነውና። ግን አንዴ ነው የሚጠይቃት። አሙዳም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አንዴ ብቻ ነበር የምትነካው። ሁለተኛው የመጣው ካለፈው መጋቢት ወዲህ ነው።

የምትሠራው ሜልቦርን ዳር፣ ዳንደኖንግ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ነው። እጇ ማረፍ አያውቅም። የባቡሩን መስኮት፣ የሾርባውን ድስት ክዳን፣ የልጇን የካያልን ትከሻ ሳይቀር በጣቶቿ ትመታለች።

"እማ፣ እኔ ከበሮ አይደለሁም" ትላታለች ካያል።

"አትንቀሳቀሺ፤ ሰባተኛው ምት ላይ ነኝ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ከመዋኛው ጀርባ ባለው አዳራሽ አሥራ አራት ልጆች ታስተምራለች። ጠዋት አዳራሹ የኖሊን ነው። ኖሊን በስድሳ ሦስት ዓመቷም አንገቷን እንደ ሰጎን ቀጥ አድርጋ የምትሄድ የባሌት አስተማሪ ናት።

የሁለቱ ትውውቅ በጠብ ጀመረ። የኖሊን ተማሪዎች ጫማቸው እንዳያዳልጣቸው ወለሉ ላይ የጥድ ሙጫ ዱቄት ይነሰንሱ ነበር። ጫማን ከመንሸራተት የሚያድነው ዱቄት ባዶ እግርን ግን እንደ ወጥመድ ይይዛል። አንድ ቅዳሜ አሙዳ ለልጆቹ አዟዟር ስታሳይ ሰውነቷ ዞረ፣ ግራ እግሯ እዚያው ቀረ። ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መወልወያውን አነሳችና ኖሊንን መኪናዋ ድረስ ተከተለቻት።

"ዱቄትሽን ወስደሽ ዳቦ ጋግሪበት።"

"አንቺም ቃጭሎችሽን ልቀሚ" አለች ኖሊን። "ከእግራችሁ እየተበጠሱ ወለሉን ሞልተውታል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ ረግጣው ልትሰበር ነበር። ለመሆኑ ይህን ያህል ጩኸት ምን ያደርግልሻል?"

"ካልጮኸ መሬት መድረስሽ በምን ይታወቃል?"

"እኛማ መድረሳችን እንዲታወቅ አንፈልግም።"

ተያዩ። ቀድማ የሳቀችው አሙዳ ናት። ከዚያን ቀን በኋላ ዱቄቱ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ቃጭሎቹም በድርብ ክር ተሰፉ።

በጥር ማዘጋጃ ቤቱ የልዩ ልዩ ባህሎችን ምሽት ሲያሰናዳ ሐሳቡን ያመጣችው ኖሊን ነበረች። አንዷ መሬቱን የምትመታበት፣ አንዷ መሬቱን የምትለቅበት አንድ ዳንስ።

"በሚያዝያ ዳሌዬን ይቀይሩልኛል" አለች። "ከዚያ በኋላ የምዘለው ከአልጋ ወደ ወንበር ነው።"

አሙዳ እሺ ለማለት አንድ ነገር ቀራት፤ የመምህሯ ፈቃድ። የኔታ ሳርጉናም አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ቃጭሎቿን ዓይኗ ላይ አስነክተው በገዛ እጃቸው ያሰሩላት ሰው ናቸው። ተማሪ ሽበት ቢያወጣ እንኳ አዲስ ነገር ይዞ መድረክ የሚወጣው መምህሩ ሲመርቁት ነው። የኔታ ደግሞ በዘመናቸው አንድ እጅ ከቦታው ጣት ያህል ዝቅ ሲል ከበሮ የሚያስቆሙ ነበሩ። አሁን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል።

ልምምዱ ተጀመረ፤ ስልኩ ግን አልተደወለም። አሙዳ ዛሬ ነገ ስትል ሦስት ሳምንት አለፈ።

"ሽማግሌው ምን አሉ?" ትላለች ኖሊን።

"ተኝተዋል።"

"ትናንትም ተኝተው ነበር። እኚህ ሰውዬ መምህር ናቸው ወይስ ዛፍ ላይ ሲተኛ የሚውለው ኮአላ?"

ለምሽቱ አሥር ቀን ሲቀረው አሙዳ የልምምዱን ድምፅ ቀድታ ላከች። በምሳ እረፍቷ ከኩሽናው ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ ቆማ ደወለች። የኔታ ዘንድ ገና ጠዋት ነው። ምራታቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘውላቸው ቅጂውን ሁለት ጊዜ ሰምተውታል።

"ግራ እግርሽ ይዘገያል" አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

"ደክሞኝ ነው፣ የኔታ።"

"ድካም ሁለቱንም እግር ነው የሚይዝ። በሰሊጥ ዘይት እሺው።" ቀጠሉናም "ሌላ ሰው አለ። ሦስተኛው ምት ላይ የሚያርፍ፣ ጫማ ያደረገ" አሉ።

"ጓደኛዬ ናት።"

"መሀል ላይ ድምጿ ይጠፋል። የት ነው የምትሄደው?"

"ወደ ላይ፣ የኔታ።"

"ምን ልታመጣ?"

አሙዳ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች።

ማምሻውን አዳራሹ ስትደርስ ኖሊን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ክር በጥርሷ ይዛ፣ የጫማዋን ጥብጣብ ትሰፋለች።

"እህ?" አለች ቀና ብላ።

አሙዳ ወለሉን አየች። "ባርከውናል።"

ኖሊን ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጫማዋን አጥልቃ፣ ያ ክፉ ዳሌዋ እያለ፣ ከወር ወዲህ ዘላ የማታውቀውን ያህል ዘለለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ወሬው ከተማሪዎቹ እናቶች ደረሰ፤ ለምርቃቱ ምስጋና ኮኮናትና ሙዝ ይዘው መጡ። ካያል የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ "በመምህር ሳርጉናም ምርቃት" ብላ አሳተመች። አሙዳ ሾርባውን ሁለቴ ጨው ጨመረችበት። የምትወርድበትን ጣቢያ አልፋ ክራንበርን ድረስ ሄደች። ቀን በቀን ስልኩን ታነሳለች፣ ትመለከተዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ምሽቱ ደረሰ። አሙዳ በባዶ እግሯ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ መሬቱን ነካች፣ ዓይኗን ነካች። ከበሮ መቺው ሊጀምር ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ አሙዳ እንደገና ጎንበስ ብላለችና። ጉልበቷ እየጮኸ ከመሬቱ ቶሎ አልተነሳችም።

ኖሊን ከመጋረጃው ጥግ ሆና አየቻት። ይህ በልምምድ አልነበረም። አሙዳ ጨምራው ይሆናል አለች በልቧ፤ ብቻዋን ልትተዋት ደግሞ አልፈለገችም። ወጣች፣ ወገቧን ይዛ አጠገቧ ጎንበስ አለች፣ መሬቱን ነካች፣ ጣቶቿን ወደ ዓይኖቿ ወሰደች። ከመውጣቷ በፊት ከሳጥኑ ቆንጥራ ጫማዋን የቀባችበት የሙጫ ዱቄት ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ዘጠኝ ደቂቃ ደነሱ። ኖሊን በዘለለች ቁጥር አሙዳ እግሯን አንስታ፣ ቃጭሉን ዝም አሰኝታ ጠበቀቻት። ስታርፍ ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ወደቁ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

"ሁለተኛው ምንድን ነበር?" አለች ኖሊን በማግስቱ። "ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ዳሌዬን አስጠነቅቀው ነበር።"

"ለጉልበቴ ነው" አለች አሙዳ።

ታሪኳን ልጽፍ መሆኔን ስትሰማ አልተቃወመችም፤ ጠረጴዛውን በጣቶቿ እየመታች ሁሉንም ተናገረች። "ጠቡን ጻፊው፣ ጉልበቱንም፣ ኮአላውንም። የኔታ 'ምን ልታመጣ' ካሉ በኋላ ያለውን ብቻ ተይው። ካያል እንዳትሰማ።"

በዚያ የምሳ እረፍት፣ ከቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ፣ የሳቀችው አሙዳ ብቻ ነበረች። የኔታ አልሳቁም ነበር።

"አይሆንም፣ ልጄ" አሉ።