አፉ የጠፋው ቪዲዮ

እናቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ በጣቷ ጠቆመች። «አፉን ምን አደረግሽው?» አለች።

ልጅቱ ክው አለች። ስክሪኑ ላይ ሟቹ አባቷ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ተቀምጧል፤ ፊቱ ግን ውሃ እንደነካው ቀለም ተድበስብሷል።

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ውስጥ «ቆጥቤ» ይሏታል። ብጣሽ ጨርቅ አትጥልም። ሌላ ከተማ ትልቅ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ሥራ አግኝታ ነበር፤ አባቷ ሲታመም ተወችው፤ ከሞተ በኋላም ሲጠሯት «እማዬን ለማን ጥዬ?» ብላ ቀረች። እናትየው ጆሮዋ ከደነቆረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሰው ንግግር የምታነበው ከከንፈር ነው።

የአባትየው ቪዲዮ ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ የቀረጸችውም ራሷ ቆጥቤ ናት። መጨረሻው ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ማይኩ ተበላሽቶ ነው ብላ ሙዚቃ ደረበችበት። ያለቀውን ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጋ ስታወጣውም አመሏ አልለቀቃትም፤ ቦታ እንዳይፈጅ ብላ የምስሉን መጠን አሳነሰች፤ ጥራቱን የሚወስነውን ቢትሬትም እታች አወረደችው። ይባስ ብላ ዋናውን ከኮምፒውተሯ ሰረዘችው።

«ለእኔ ነው የሚያወራው» አለች እናትየው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔና እሱ እናንተ እንዳትሰሙ ድምፅ አናወጣም ነበር። ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ልጆች ሳሉ እሷና ወንድሟ «ዛሬም ሊያሙን ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ማይኩ ምንም አልሆነም ነበር ማለት ነው።

ዋናው የቀረው ካሜራው ካርድ ላይ ብቻ ነው። ካሜራውን ደግሞ ሹፌሩ ወንድሟ የጓደኛውን ሰርግ ሊቀርጽበት ጠዋት ወስዶታል። ደወለች፤ አያነሳም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባት እየፈራች ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ አነሳ።

«እህትዓለም፣ ቆይ አንዴ፤ ካርዱ ሞላ እያለኝ ነው፣ የድሮውን ላጥፋና...»

«እንዳትነካው! በአባዬ አጥንት ይዤሃለሁ!»

«ምን ሆነሻል?»

«የአባዬ አፍ እዚያ ውስጥ ነው ያለው!»

እህቱ ያበደች መሰለው፤ ቢሆንም ሰርገኞቹን ጥሎ ካርዱን ይዞ እየበረረ መጣ።

እንዳለ እንዳታሳያት የአባትየው ፊት ከሩቅ ነው የተቀረጸው፤ የእናትየውም ዓይን ደከም ብሏል። ስለዚህ ቆጥቤ ፊቱን አቀረበችው። ሙዚቃ አልደረበችበትም። መጠኑን ካሜራው እንደቀረጸው ተወችው፤ ቢትሬቱን እላይ ሰቀለችው። ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም አላት። እሷም ለዓመታት ያጠራቀመቻቸውን የልብስ ዲዛይኖች ማጥፋት ጀመረች።

«ቆጥቤ ስታጠፋ! የዓለም መጨረሻ ደረሰ» አለ ወንድሟ። እሷ ማጥፋቷን ቀጠለች።

ኤክስፖርቱ እየተጎተተ ግማሽ እንደደረሰ መብራቱ ብልጭ ሲል ሁለቱም «ኧረ በፈጠረህ!» አሉ። የኮምፒውተሩ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ አልጠፋም። ሲያልቅ ወንድሟ «በስልክ ልኪልኝና ላሳያት» ቢላት ጮኸችበት፤ ስልክ ሲልከው መልሶ ጨምቆ ያደበዝዘዋል። በፍላሽ ገልብጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው።

የአባታቸው ከንፈር ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጥግ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ትታያለች። እናትየው ከንፈሯን ከሱ ጋር እያንቀሳቀሰች አየችው። እንደገና አስከፈተች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ምን አለሽ?» አለች ቆጥቤ።

«ስላንቺ ነው። ‹ይቺ ልጅ በእኔ ምክንያት ሥራዋን ተወች፤ እኔ ስሄድ ደግሞ ባንቺ ታመካኛለች። እሺ እንዳትያት፤ አስወጪያት› ይለኛል።»

ልጅቷ አለቀሰች። «እማዬ፣ አንቺን ጥዬ የት...»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ዓይኗን ከጨፈነች ደግሞ የሚከራከራት ሰው የለም።